ሳታይሽ ሂጂ

መጠይቁ ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ነበረው። ለአንድ እናት ሃያ ደቂቃ ይበቃል ብሎን ነበር መሳፍንት። መሳፍንት ጥናቱን የሚመራው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እሱ ራሱ አንዲትም እናት ጠይቆ አያውቅም። እንጅባራ ላይ የመጀመሪያዋን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

«ይሄ ነገር ለዘይት ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«አይደለም።»

«ለስንዴ?»

«ለጥናት ነው። እናቶች ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበትና ልጅ የሚያሳድጉበት መንገድ ይገናኛል ወይ የሚል ጥናት።»

«እና ሲያልቅ ምን ይሰጣል?»

«መጽሐፍ ይሆናል።»

«በይ ጻፊ። በሽሮ እንበላዋለን።»

ከዚያ በኋላ ለሁሉም «በጣም እስማማለሁ» አለችኝ። «ሰው ሲቀርበኝ ይጨንቀኛል» ስላት በጣም እስማማለሁ፤ «ከሰው ጋር መቀራረብ ደስ ይለኛል» ስላትም በጣም እስማማለሁ። የቱ ነው ልኩ ብዬ ስመልስባት ቅር አላት። «ሁለቱንም ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ» አለች።

የክረምት ሥራዬ ነበር። መስከረም ላይ እንጅባራ አንድ የግል ትምህርት ቤት ማስተማር እጀምራለሁ፤ እስከዚያ ቅጽ ይዤ በጭቃ እዞራለሁ። መሳፍንት ስልጠናው ላይ አንድ ቀን ሙሉ ስለ ትስስር አስተማረን። ልጅ እናቱ ሄዳ እንደምትመለስ በምን ያውቃል፣ ሳያውቅ ሲቀርስ ምን ይሆናል፣ ያ ልጅ አድጎ እናት ሲሆን ልጁን እንዴት ይይዛል። ማስታወሻ ያዝኩ። ፈተና ቢሆን ጥሩ ውጤት አመጣ ነበር።

ሃያ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ የሚያመነታ ሰው አላጋጠመኝም። «ልጄን ትቼ ስሄድ እንዳታለቅስ ሳታየኝ እሄዳለሁ» ይላል። ሁሉም አምስት ነው፤ «በጣም እስማማለሁ»።

«ታዲያ እያየችኝ ልሂድ?» አለችኝ ዳንግላ ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። «እየጮኸች፣ እጇን እየዘረጋችብኝ ጥያት ልሂድ? ምን ዓይነት አረመኔ አደረግሽኝ! አንቺ ልጅ የለሽም መሰለኝ።»

«አለኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«እና አንቺ እንዴት ነው ከቤት የምትወጪው?»

ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩላት።

ሦስተኛው ዙር በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ነበሩ። የእናቶቹ ስም የተወሰደው ከጤና ኬላዎች የቤተሰብ ማህደር ነው። መሳፍንት ዝርዝሩን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ሻይ እየጠጣሁ በጣቴ እየገፋሁ ወረድኩ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ቆምኩ። የእናት ስም፦ ደጊቱ። ዕድሜ፦ 38። የልጅ ስም፦ ሸጋ። ጾታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ 5።

ደጊቱ እናቴ ናት። ዕድሜዋ አርባ አራት ነው። ሸጋ የእኔ ልጅ ናት።

ሸጋን የወለድኳት ኮሮና ዩኒቨርሲቲ በዘጋበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ እናቴ ቤት ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ በሴቲቱ እናት ቤት ይወለዳል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። አያቲቱ ታሳድገዋለች፤ የወለደችው ወደ ትዳሯ ወይም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነውር የሚለው የለም። እኔም የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ጥሊሊ አጠገብ፣ የእናቴ እናት ቤት ነው። «እማ» የምለው አያቴን ነበር። እናቴን ታናናሾቿ «እትዬ» ሲሏት ሰምቼ እኔም እትዬ አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አያቴ ሞተችና ወደ እናቴ ቤት ወሰዱኝ። አጠራሬ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም እትዬ ናት።

የሸጋ አባት ይሄነው ይባላል። ጫግኒ እህል ይነግዳል፣ ሚስት አለው፣ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ታኅሣሥ ላይ ዩኒቨርሲቲ ጠራን። ሸጋ ሰባት ወሯ ነበር። ጡቴን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በአዊኛ፣ በሹክሹክታ፣ «በይ አሁን፣ ሳታይሽ ሂጂ» አለችኝ። ቀስ ብዬ አስተኛኋትና ሄድኩ። መኪና ውስጥ ሸሚዜ በወተት ረጠበ። ሹራብ ደረብኩበት።

ከዚያ በኋላም በመጣሁ ቁጥር እንደዚሁ ነበር። እናቴ «ነይ ጫጩቶቹን እንይ» ብላ ወደ ጓሮ ትወስዳታለች፣ እኔ በፊት ለፊት በር እወጣለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነቃች። ስመጣ አትስመኝም፤ መጀመሪያ ጫማዬን ታያለች። ሦስት ዓመቷ ላይ አንደኛውን ጫማዬን ዱቄት እቃ ውስጥ ደበቀችው። ግማሽ ቀን ፈልገን አጣነውና በእናቴ ኮንጎ ጫማ ሄድኩ። ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ፤ ስምንት ወር ሳልመጣ ቀረሁ። ተመልሼ ስመጣ ጫማዬን አልነካችውም። ዞር ብላም አላየችው።

አሁን እንጅባራ ቤት ተከራይቻለሁ፤ አንዲት ክፍል ናት፣ ግን መስኮት አላት። ትንሽ አልጋ ገዝቻለሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራንን ልጆች ይቀበላል፤ የሚጠይቀው የልደት ማስረጃ ብቻ ነው። ሸጋ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ጠዋት እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፣ ቀስ በቀስ እማ ትለኛለች። ያሰብኩት ይሄንን ነበር። በማግስቱ በሚኒባስ ግምጃ ቤት ወርጄ ጋሪ ተሳፈርኩ።

ነሐሴ ነው፤ ድንች የሚቆፈርበት ጊዜ። እናቴ አጎንብሳ ትቆፍራለች፤ ሸጋ ከኋላዋ ደቃቅ ደቃቁን ትለቅማለች። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ወንድሞቼም ለሥራ ከወጡ በኋላ፣ ከሸጋ በቀር አብሯት የሚኖር ሰው የላትም።

«ማስቴ መጣች» አለች ሸጋ። ለእኔ አይደለም ያለችው። ዝናብ መጣ እንደሚባለው ለእናቴ ማስታወቋ ነው። እኔ ማስተዋል ነኝ፤ እሷ ማስቴ ትለኛለች።

«ውይ፣ ምነው ሳትደውዪ?» አለች እናቴ። እጇ ጭቃ ስለነበር ክርኗን ጨበጥኩ። ሸጋ ጉንጯን ሰጠችኝ። ሳምኳት። ቀዝቃዛ ነበር፤ አፈር አፈር ይላል።

ወደ ቤት ስንመለስ ቦዩ ሞልቶ ነበር። እናቴ ጎንበስ አለችላት፣ ሸጋም ሳትጠየቅ ጀርባዋ ላይ ወጣች። የአምስት ዓመት ልጅ፣ እግሯ ወገቧን አልፎ ተንጠልጥሏል። እናቴ እኔን አዝላኝ አታውቅም። ይሄንን ቅር ብሎኝ አይደለም የምናገረው፤ እየሆነ ያለውን እያየሁ ያሰብኩት እሱን ስለሆነ ነው።

ሸጋ ደጅ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ድንች ማጠብ ስትጀምር እኔ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

«እትዬ፣ ጤና ኬላ ሄደሽ ሸጋን ልጄ ናት ብለሽ አስመዘገብሻት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ወረቀት ላይ አየሁት።»

«ወረቀቱን ማን ሰጠሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

ከጥፍሯ ስር ያለውን ጭቃ በእንጨት ስንጥር ስታወጣ ቆየች። «ትኩሳት ይዟት ነበር» አለች በኋላ። «መንገድ የተዘጋ ጊዜ። ተሸክሜ ወሰድኳት። የጤና ኬላዋ ልጅ፣ ትዕግስት፣ ‹እናቷ የታለች?› አለችኝ። አንቺ ጋ ብንደውል የለሽም። ልጅቱ አንገቴን አንቃ ‹እማ፣ እማ› ትላለች። እኔ ነኝ አልኳት። ምን ልበል?»

«አያቷ ነኝ ማለት ያቅታል?»

«አያቷ ነኝ ካልኩማ ‹እናቷን አምጪ› ትለኛለች። ከየት ላምጣሽ?»

መልስ ሳጣ የምይዘው ነገር እፈልጋለሁ፤ ቅጹን ያዝኩ። ለመሳፍንት ብነግረው «ተያት፣ እናትሽን አትጠይቂ» ይለኝ ነበር። አልነገርኩትም።

«ስምሽ እዚህ ስላለ ልጠይቅሽ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ትነግሪኛለሽ።»

«ጠይቂ።»

«ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ስቀራረብ ይጨንቀኛል።»

«ከማን ጋር?»

«ከምትወጃቸው።»

አሰበች። ከጠየቅኳቸው ሁሉ ያሰበች እሷ ብቻ ናት። «እንጃ» አለች። «ቀርቤ መች አየሁት?»

«ቁጥር ነው የምፈልገው፣ እትዬ።»

«አንቺው ሙይ።»

ሦስት ብዬ ሞላሁ።

«ልጄን አቅፌ እስማታለሁ።»

«የትኛዋን?»

ደጅ ሸጋ ድንች በድንች ታጋጫለች። «ሸጋን» አልኩ።

«እሷንማ ሁልጊዜ።»

አምስት ሞላሁና ገጹን ገለበጥኩ። እንዲህ እያልን ሃያ ዘጠኝ ደረስን። አነበብኩላት። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«ይሄንን አትጠይቂኝ።»

«አንድ ቁጥር እኮ ነው።»

«አራት ዓመትሽ እያለ ጥሊሊ መጥቼ ነበር» አለች። «ልወስድሽ። አባትሽ አምጫት ብሎኝ። በእግሬ ነው የመጣሁት። ሁለት ቀን ቆየሁ። አንቺ የእማ ቀሚስ ውስጥ ገብተሽ አልወጣም አልሽ። በሁለተኛው ቀን እማ ‹ተያት፣ ታለቅስብሻለች፣ ሳታይሽ ሂጂ› አለችኝ። በጓሮ ወጣሁ። ያን ሁሉ መንገድ አልቅሳ ይሆን፣ አላለቀሰች ይሆን እያልኩ ሄድኩ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አልቅሰሽ ነበር?»

«አላስታውስም» አልኳት።

አስታውሳለሁ። አላለቀስኩም። ጓሮውን ዞሬ አየሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ምሳዬን በላሁ።

ቅጹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና የመጣሁበትን ነገርኳት። ሸጋ መስከረም ትምህርት ትጀምራለች፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ጤና ኬላው ላይ ያለው ስም ይስተካከላል። እናቴ አልተቃወመችም። ትቃወመኛለች ብዬ የተዘጋጀሁበት ነገር ሁሉ ከንቱ ሆኖ ቀረ።

«ልጅሽ ናት» አለች። «አብሬያችሁ ልምጣና ጥቂት ቀን ልቆይ፣ ቤቱን ትልመድ። ስመለስ ግን ነግሬያት ነው የምመለሰው።»

«እትዬ፣ ከነገርሻትማ ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ።»

«አንቺም ታለቅሻለሽ። ከዚያ ትጣበቅብሻለች፣ ከዚያ ‹ሁለት ቀን ልጨምር› ትያለሽ፣ ከዚያ ትምህርት ይጀመራል። አውቅሻለሁ እኮ።»

«የት ታውቂኛለሽ?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። የምር መጠየቋ ነው።

ጳጉሜን አንድ ላይ ሦስታችን እንጅባራ ገባን። እናቴ የተከራየ ቤት ውስጥ አድራ አታውቅም፤ ወንበር እያለ መሬት ትቀመጣለች፣ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ተነሥታ ልትከፍት ትሄዳለች። ሸጋ የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ መቶ ጊዜ ነካካችው። በሁለተኛው ቀን ከአከራይዋ ልጆች ጋር ተጫወተች፤ ግን በየደቂቃው በሩ ላይ ብቅ እያለች «እማ» ትላለች። እናቴ «ወይ» ትላለች። ሸጋ ትመለሳለች። ሌላ ምንም አይባባሉም። አንዴ እናቴ ሽንት ቤት ሄዳ ሳለ ሸጋ ብቅ አለችና «እማ» አለች። «ወይ» አልኳት እኔ። ቆማ አየችኝ። «አንቺን አይደለም» አለች፤ ደህና አድርጋ፣ የቤት ቁጥር ለተሳሳተ ሰው እንደሚያስረዳ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጋቢዋን ስታጣጥፍ ቀረብ ብላ «ልንገራት» አለች።

«ጨረስን እኮ፣ እትዬ።»

«አንድ ቃል ብቻ። ሄጃለሁ፣ እመጣለሁ ልበላት።»

«መቼ ነው የምትመጪው? ቀኑን ታውቂዋለሽ?»

አታውቀውም ነበር። እኔም አላውቀውም። መሳፍንት ስልጠናው ላይ ለልጅ ነግሮ መሄድ ይሻላል እንዳለ ግን አውቅ ነበር፤ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ለቅሶውን ነበር የማልችለው። ለመቀመጥ፣ ለመስማት፣ እስኪያልቅ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረኝም። ደግሞም ካለቀሰች ለእናቴ ነው የምታለቅሰው፤ እኔ ቆሜ እሱን ማየት አልፈለግኩም።

«ሸጋ፣ ነይ ወንበር ልግዛልሽ» አልኳት።

አስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡበት ወሰድኳት። አንዷን ተቀመጠችባት፣ ተነሣች፣ ሌላዋን ሞከረች። ትንሽ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላት መረጠች። ሻጩ «ንግሥት!» ሲላት ሳቀች። እሷ እየሳቀች ሳለ ግምጃ ቤት የሚሄደው ሚኒባስ በፊታችን አለፈ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ራሷን በነጠላ ሸፍና አጎንብሳለች፤ እንዳትታይ። ሸጋ ወንበሯን እያየች ነበር።

ቤት ስንገባ ወንበሯን በሩ ላይ አስቀመጠችና «እማ» አለች። መጋረጃውን ገልጣ አየች። የአልጋው ስር አየች። ወደ ሽንት ቤቱ ሄዳ አንኳኳች፤ የአከራይዋ ድምፅ መለሰላት። ተመልሳ መጣችና እኔን አየችኝ። ጠበቅኳት። ለቅሶው መጣ ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ፤ የምላትን አዘጋጅቼ ነበር።

«ምሳ ደርሷል?» አለችኝ።

ሰጠኋት። ጨርሳ በላች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ ሰው ቢጠይቀኝ፣ የሚገርም ደህና ነበሩ። ልብሷን ራሷ ታጥፋለች። ልጠጣ፣ ልብላ፣ ግዢልኝ አትልም። ምሽት ትንሿ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች፤ ጠዋት እዚያው ተኝታ አገኛታለሁ። እንቅፋት መቷት ጥፍሯ ሲነቀል ጨርቅ ፈልጋ ስታስር ደረስኩባት። «ለምን አልጠራሽኝም?» ስላት ጥያቄው አልገባትም። መምህሯ «እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ምን ብለሽ አሳደግሻት?» አለችኝ። አመሰገንኩ።

እናቴ ቃሏን ጠብቃ ጤና ኬላ ሄደች፤ ከዚያም ቀበሌ። እናቷ እኔ አይደለሁም፣ አያቷ ነኝ ብላ በአሻራዋ ፈረመች። ወረቀቱ ደረሰኝ። የእናት ስም፦ ማስተዋል ስማቸው። ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁት፣ ጉዳዩ አለቀ።

እሑድ እሑድ እናቴ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ትደውላለች።

«ሃሎ፣ እትዬ።»

«ደህና ናችሁ? ልጅቱስ?»

«ደህና ናት።»

«ስጪኝ እስቲ።»

«ሸጋ፣ እትዬ ናት፣ ነይ አናግሪያት።» ሸጋ ተነሥታ ወደ ውጭ ትወጣለች። አታኮርፍም፣ እንቢም አትልም፤ ሥራ እንዳለው ሰው ብድግ ብላ ትሄዳለች።

«ከልጆች ጋር እየተጫወተች ነው» እላለሁ።

«ትጫወት፣ ትጫወት» ትላለች እናቴ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ስጪኝ ትላለች። አሥራ ሰባት እሑድ።

ለገና ወሰድኳት። ጋሪው ከመቆሙ በፊት እናቴ ከማጀት ወጥታ ሮጠች። ሮጣ አይቻት አላውቅም። ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። ደርሳ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሸጋ ከጋሪው ወረደች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ቀኝ እጇን ለጨበጣ ሰጠቻት።

«እንደምን ነሽ፣ እትዬ?» አለቻት።

ከእኔ ነው የሰማችው፤ በየእሑዱ። እናቴ የተዘረጉ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ትንሿን እጅ በሁለቱም ያዘቻት።

«ደህና ነኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ደህና ናችሁ?»

ሸጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ። የድሮ ጫጩቶቿ ዶሮ ሆነው በእግሯ መሐል ሲያልፉ እግሯን ሰበሰበች። እናቴ ማጀት ገብታ ሳትወጣ ስትቆይ ተከተልኳት። ወንፊት ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆማለች። ወንፊቱ ባዶ ነበር።

«አንቺም እንዲህ ነበርሽ» አለች ሳትዞር።

«እንዴት?»

«እማ ሞታ ሲያመጡሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ። እጅሽን ዘርግተሽ ‹እንደምን ነሽ› አልሽኝ።»

«አላቀፍሽኝም» አልኳት። ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ አላወቅኩም፤ እንደ ልጅ ነበር የወጣው።

«ፈራሁሽ» አለች እናቴ። «አምስት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ የያዝኩት ነበረኝ። ያን ቀን ለምን እንደሄድኩ። ሳይሽ የምትሰሚኝ አልመሰለኝም። ነገ እላታለሁ አልኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሽ፣ ከዚያ አደግሽ።»

«አሁን ሂጂና ለእሷ ንገሪያት። እቀፊያት።»

«እንቢ ብትለኝስ?»

«ትበልሻ!»

«አንቺ ትችይዋለሽ?» አለችኝ። ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ ሁሉ ረጥቧል። «እኔ አልችለውም፣ ማስተዋል። ለሁለተኛ ጊዜ አልችለውም።»

ከአራት ወር በፊት ልንገራት ብላ ስትለምነኝ እችለዋለሁ ያለች ሴት ናት። የነበራትን አንድ ዕድል እኔ ነኝ የጨረስኩባት። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጄን አንሥቼ ትከሻዋ ላይ ላደርግ አሰብኩ፤ ከእሷ እስከ እኔ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ሸጋ ከሳሎን «ማስቴ፣ ውሃ እየፈላ ነው» አለች። ሁለታችንም ወደ ውሃው ሄድን።

በማግስቱ ስንነሣ እኔ ራሴ አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሸጋ፣ አሁን ልንሄድ ነው። እትዬ እዚህ ትቀራለች። ለፋሲካ እንመጣለን።»

«እሺ» አለች ሸጋ።

እናቴ ተንበርክካ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳመቻት። ሸጋ ተሳመች፤ እናቴ ስትጨርስ ጉንጯን ጠረገች። እናቴ አቅፋ ለማንሣት እጇን ብብቷ ስር ከትታ ነበር፤ ግን አላነሣቻትም። ጋሪው ሲንቀሳቀስ እኔ ወደ ኋላ አየሁ። እናቴ በፊት ለፊት በሩ ላይ ቆማ እጇን አላወዛወዘችም፤ ታየናለች። ሸጋ ፊቷን ወደ ፈረሱ አድርጋ ተቀምጣለች።

ቦዩን አልፈን ወደ ግምጃ ቤት መንገድ ገባን።

«ማስቴ» አለችኝ።

«ወይ።»

«አንቺ መቼ ነው የምትሄጂው?»

«የት?»

«እንጃ።»

«የትም አልሄድም፣ ሸጋ። ከአንቺ ጋር ነኝ።»

«እሺ» አለች። ልክ እናቴ ደጅ «እሺ» እንዳለችው ነው። ትንሽ ቆይታ፣ አሁንም ሳታየኝ፣ «ስትሄጂ ግን ንገሪኝ» አለች።

አልሄድም ልላት እንደገና አፌን ከፈትኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ይሄ ቃል ከእኔ አፍ ምን ዋጋ እንዳለው አውቄ ዘጋሁት።

«እነግርሻለሁ» አልኳት።

ያኔ ዞር ብላ አየችኝ። ይሄኛውን አመነችኝ።